ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተር መፈለግ

ጂምፕስ የተባለውን የግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች (ለ1 እና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉ ቁጥሮች) ፍለጋ ጆርጅ ዎልትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ጀመረ። ተሳታፊዎች ፕራይም95 የተሰኘውን ነፃ ፕሮግራም ይጭናሉ፤ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚመረምረውን ቁጥር ያድላል፤ ፕሮግራሙም ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲፈታ ያሰላል። ተጀምሮ የተተወ ሥራ ጊዜው ሲያልፍ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የሚፈለጉት የሜርሴን ቁጥሮች ናቸው፦ 2 በአርቢ ፒ ከፍ ብሎ 1 ሲቀነስ የሚገኙት። ፒ ራሱ ብቸኛ ቁጥር መሆን አለበት፤ ይህ ግን አይበቃም። ፒ 11 ሲሆን ውጤቱ 2047 ነው፤ ይኸውም 23 × 89። ሁለቱም አካፋዮች ለ22 (ለፒ እጥፍ) ሲካፈሉ 1 ይተርፋል፣ ለ8 ሲካፈሉ ደግሞ 7 ወይም 1። ይህ ለሁሉም ፒ (ከ2 በቀር) የሚሠራ ሕግ ስለሆነ፣ ትንንሽ አካፋዮችን ለማደን አብዛኞቹን ቁጥሮች መሞከር አያስፈልግም።

ከዚህ ያለፈው ወደ ረጅሙ ፈተና ይገባል። በሉካስ–ሌመር ዘዴ ከ4 ተነስቶ ቁጥሩን በራሱ ማባዛት፣ 2 መቀነስ፣ በሚመረመረው ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን መያዝ ነው። ይህ ከፒ በ2 ያነሰ ጊዜ ተደጋግሞ መጨረሻው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። ለ31 (ፒ = 5) ሦስት እርምጃ ይበቃል፦ 4፣ 14፣ 8፣ 0።

ችግሩ የሚመጣው እርምጃዎቹ በአሥር ሚሊዮኖች ሲቆጠሩ ነው። የሞቀ ፕሮሰሰር፣ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ የተገፋ ግራፊክስ ካርድ ወይም የተበላሸ ሜሞሪ አንዲት ቢት (0 ወይም 1) ካዛባ ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የከፋው ግን ስህተቱ ዝም ማለቱ ነው፤ የተሳሳተ ውጤት ተራ «ብቸኛ አይደለም» መስሎ ያልፋል፣ እውነተኛ ግኝትም አብሮት ይቀበራል። ስለዚህ ድሮ እያንዳንዱ ፈተና በሌላ ኮምፒውተር ይደገም ነበር።

አሁን የመጀመሪያው ፈተና በፌርማ ዘዴ ይካሄዳል፤ ይህ ዘዴ ቁጥሩ ብቸኛ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል እንጂ ብቻውን አያረጋግጥም። የገርቢች ማረሚያ የተባለው የስሌት መቆጣጠሪያ ስህተቱን በመንገድ ላይ ይይዝና ስሌቱን ወደ መጨረሻው ጤናማ ቅጂ ይመልሰዋል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ፕሮግራሙ የማረጋገጫ ፋይል ያዘጋጃል፤ በዚህ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ውጤቱን በጥቂት ድካም ያጣራል። ፋይሉን ለማዘጋጀት ጥቂት ጊጋባይት የዲስክ ቦታ መተው ያስፈልጋል። ከመጀመር በፊትም የፕሮግራሙን የጭንቀት ፈተና (ኮምፒውተሩን በከባድ ስሌት የሚፈትን) ለሰዓታት ማስኬድ ይገባል፤ እዚያ የወደቀ ኮምፒውተር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

በጥቅምት 2024 ሉክ ዱራንት ያገኘው 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹−1 አሃዞቹ 41,024,320 ናቸው። ሥራው በ17 አገሮች በነበሩ ግራፊክስ ካርዶች ተከፋፍሎ ነበር። በፌርማ ፈተና ከታየ በኋላ፣ በሌላ ካርድ በሉካስ–ሌመር ተረጋገጠ። ከሚታወቁት የሜርሴን ብቸኛ ቁጥሮች 52ኛው ቢሆንም ተራው ገና አልጸናም፤ ከእርሱ በታች ያሉት ሁሉ ዳግም ተጣርተው ስላላለቁ በመካከል ያመለጠ ሊኖር ይችላል።