የተብላላ የባሕር አረም እና የማስታወስ ችሎታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የተብላላ፣ ማለትም በባክቴሪያ የቦካ፣ የባሕር አረም የማስታወስ ችሎታን ያጎለብታል፣ አንጎልንም ከእርጅና ይጠብቃል የሚለው አባባል እየተስፋፋ መጥቷል። ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ጃፓኖች ኮምቡ፣ ኮሪያውያን ዳሲማ የሚሉት፣ በቀዝቃዛ ባሕር የሚበቅለው ሰፊና ቡናማ አረም ነው። በአባባሉ ውስጥ እውነት አለ፤ ነገር ግን ከሚወራው ያነሰ ነው።

«ጃፓኖችና ኮሪያውያን ከጥንት ጀምሮ አብላልተው የሚበሉት ነው።»

በየቤቱ ወጥ ቤት ያለው ኮምቡ የደረቀ እንጂ የተብላላ አይደለም። ላዩ ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት ሻጋታ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በአብዛኛው ማኒቶል የተባለ ጣፋጭ ንጥረ ነገር ነው። ጃፓናውያን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈውት ቀስ ብለው ያሞቁትና ውኃው ሊፈላ ሲል አውጥተው መረቁን ይጠቀማሉ። ኮሪያውያን ለአራስ የሚያቀርቡት የባሕር አረም ሾርባም ቢሆን አይብላላም። ለማስታወስ ችሎታ ይጠቅማል የተባለው ዱቄት ላክቶባሲለስ ብሬቪስ በተባለ ባክቴሪያ በቁጥጥር ሥር ተብላልቶ የሚዘጋጅ የቅርብ ጊዜ ውጤት በመሆኑ፣ የዘመናት የአመጋገብ ልማድ ምስክር ሊሆነው አይችልም።

«ማንኛውም የቦካ ምግብ ለአንጎል እኩል ይጠቅማል።»

የጤፍ ሊጥ ያቦካ ሰው እንደሚያውቀው፣ እርሾ የሚሠራው ሊጡ ውስጥ ባገኘው ነገር ነው። ኮምቡ ግሉታሜት በተባለ ጣዕም ሰጪ ንጥረ ነገር እጅግ የበለጸገ ነው፤ ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ግሉታሜትን ለይቶ ያወጣውም ከኮምቡ መረቅ ነበር። ባክቴሪያው ይህንን ግሉታሜት ጋባ ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለውጠዋል። ጋባ በአንጎል ውስጥ የነርቭ ሴሎችን እንቅስቃሴ የሚያረጋጋ መልእክት አስተላላፊ ነው፤ የተብላላው አረም ከአንጎል ጋር ስሙ የተያያዘውም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። የእንጀራ ሊጥና እርጎ የየራሳቸው ጥቅም ቢኖራቸውም፣ ስለ ኮምቡ የተባለው ለእነርሱም ይሠራል ማለት አይደለም።

«የተዋጠው ጋባ በቀጥታ አንጎል ይገባል።»

ከደም ወደ አንጎል የሚያልፈውን የሚመርጥ ጥብቅ አጥር አለ፤ ጋባም ይህንን አጥር የሚያልፈው ቢያልፍ እንኳ እጅግ በጥቂቱ ነው። አንጎል የሚጠቀምበትን ጋባ የሚሠራው ራሱ ነው። የተዋጠው ጋባ በአንጀትና በነርቮቹ አማካይነት በተዘዋዋሪ ይሠራ እንደሆነ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ። ሻጮች የማያነሡት ሌላም ነገር አለ፦ እንደ ዳያዜፓም ያሉ የጋባን ሥራ የሚያጠናክሩ መድኃኒቶች ከሚታወቁባቸው የጎንዮሽ ጉዳቶች አንዱ የማስታወስ ችሎታን ማዳከም ነው። ስለዚህ «ጋባ በበዛ ቁጥር ትውስታ ይጠራል» የሚለው ስሌት ከመነሻው አያስኬድም።

«የመርሳት በሽታን እንደሚፈውስ በጥናት ተረጋግጧል።»

ደጋግሞ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኮሪያ ጥናት ነው። 40 ያህል አረጋውያን በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ቡድን ለ6 ሳምንታት በቀን 1.5 ግራም የተብላላ ኮምቡ፣ ሌላው ደግሞ ኮምቡ የሌለበት አስመሳይ ዱቄት ወሰዱ፤ ኮምቡውን የወሰዱት በአንዳንድ የማስታወስ ፈተናዎች የተሻለ ውጤት አሳዩ። ውጤቱ ተጨማሪ ጥናት የሚጋብዝ ነው፤ እኔም አልንቀውም። ሆኖም ተሳታፊዎቹ ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ነበር፤ ንቁ በሆኑ አረጋውያን ላይ የታየ የፈተና ውጤትም የታመመን ሰው ከመፈወስ እጅግ የራቀ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2019 በቅድመ ሁኔታ የፈቀደችው፣ ከቡናማ የባሕር አረም የተሠራው የአልዛይመር መድኃኒትም ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። እርሱ የተብላላ ምግብ አይደለም፤ ዓለም አቀፍ ሙከራውም በ2022 ከፍጻሜው ሳይደርስ ተቋርጧል።

«ስፒሩሊናም ያው የባሕር አረም ነው።»

አይደለም። ስፒሩሊና እንደ ጪቱና በቢሾፍቱ አቅራቢያ እንዳለው አረንጓዴ ባሉ የሶዳ ሐይቆች የሚራባ ጥቃቅን ባክቴሪያ ነው።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ ቢበዛም አይጎዳም።»

ከሁሉም ይልቅ አደገኛው ይህ ነው። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ሲሆን፣ አንድ ግራም ደረቅ ኮምቡ ብቻውን ከ1000 ማይክሮግራም በላይ ሊይዝ ይችላል። አዮዲን ወደ ሌላ ነገር የማይለወጥ መሠረታዊ ንጥረ ነገር (ኤለመንት) በመሆኑ ማብላላት አያጠፋውም፤ ኮምቡ ሲቀቀልም አብዛኛው ወደ መረቁ ይወጣል እንጂ አይጠፋም። ሲበዛ የእንቅርት ዕጢን ሥራ ሊያዛባ ይችላል። የዕጢው ሥራ መቀዛቀዝ ደግሞ ራሱ የመርሳትና የመደንዘዝ ምክንያት ነው፤ ለትውስታ ብሎ የተወሰደው ትውስታን ሊቀማ ይችላል ማለት ነው።

የአዮዲን እጥረትም በተቃራኒው የጽንስን አንጎል ይጎዳል፤ ለዚህም ነው ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም የሚመከረው። እንቅርት በተስፋፋባት ኢትዮጵያ ይህንን ክፍተት እንዲሞላ የታሰበው አዮዲን ያለው ጨው ነው። ጨው ክፍት በሆነ ወይም እርጥበት በሚያገኘው ዕቃ ሲቀመጥ አዮዲኑ ስለሚቀንስ፣ በተከደነ ደረቅ ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ይመረጣል። የእንቅርት ዕጢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ ሴት ግን የባሕር አረም ዱቄት ከመጀመራቸው በፊት በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የአዮዲን መጠን ለሐኪማቸው ያሳዩ፤ መጠኑ ያልተጻፈበትን ዱቄት አለመግዛት ይሻላል።