ስርጉድ ማነጣጠሪያ፦ በጉያ ሽጉጦች አናት ላይ የተቆፈረው ቦይ

ተደብቆ የሚያዝ ሽጉጥ ከሁሉ በፊት ትንሽ መሆን አለበት። ቀጥሎ ልሙጥ። ኪስ ውስጥ፣ ወገብ ላይ ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ታስሮ የሚውል ዕቃ ነውና ሲመዘዝ ጨርቅ ጎትቶ፣ ክር ይዞ መውጣት የለበትም። ፈተናው ያለው ማነጣጠሪያው ላይ ነው። በተለመደው ሽጉጥ አናት ላይ ሁለት ነገሮች ጉብ ብለው ይታያሉ። ከፊት አንድ ጉጥ አለ፤ ከኋላ ደግሞ መሐሉ የተነደለ ትንሽ ግድግዳ። ተኳሹ ጉጡን በክፍተቱ መሐል አድርጎ ዒላማው ላይ ያሳርፋል። ለዓይን የሚመቹት እነዚሁ ጉብታዎች፣ መምዘዝ ሲመጣ ልብስ የሚነክሱ ጥርሶች ይሆናሉ።

ስርጉድ ማነጣጠሪያ ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነው። አናቱ ላይ ጉብታ ከማቆም ይልቅ አናቱ ራሱ ይቆፈራል። አንዳንዱ ቦይ ውስጥ ጉጥና ክፍተት ተደብቀው ይገኛሉ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጉጡ ከፊት ቀርቶ የኋላው ማነጣጠሪያ ብቻ ወደ ቦይነት ይቀየራል። ሙሉ በሙሉ ቦይ ብቻ የሆነም አለ። ይህ ሦስተኛው ዓይነት በጣም እንግዳ ነው፤ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚደንቀውም እሱ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለቤልጂጉ ኤፍኤን ኩባንያ የነደፈው የኪስ ሽጉጥ ርዝመቱ ከ11 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም ነበር። ጥይቱ 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። ኮልት ኩባንያ ይህንኑ ንድፍ ወስዶ በ1908 በፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ ማምረት ጀመረ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከ400 ሺህ በላይ ተመርቷል። ሲተኮስ ወደኋላ በሚንሸራተተው አናቱ፣ ማለትም በስላይዱ ላይ፣ ቀጭን ቦይ ተስቦለታል። ትንንሾቹ ማነጣጠሪያዎች እዚያ ውስጥ ተኝተዋል። በጣት ሲዳስሱት ምንም የሚይዝ ነገር የለውም።

ብራውኒንግ በ1910ሩ የኤፍኤን ሽጉጥም ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሟል። ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ ሰኔ 28 ቀን 1914 ሳራዬቮ ላይ የኦስትሪያ ሃንጋሪን አልጋ ወራሽ የገደለው በዚህ ዓይነት ሽጉጥ ነው። መሣሪያው ዛሬ ቪየና በሚገኘው የጦር ታሪክ ሙዚየም ይታያል። ሰው ስለዚህ ሽጉጥ ሲያወራ ታሪኩን ያወራል፤ ማነጣጠሪያው ግን ለብቻው ቢጠና የሚያስቆጭ አይደለም።

በብዛት ከሄድን ስርጉድ ማነጣጠሪያን ከማንም በላይ ያዳረሱት አጫጭር ሪቮልቨሮች፣ ማለትም ጥይታቸው በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጦች፣ ናቸው። በ1873ቱ የኮልት ስድስት ጎራሽ ላይ የኋላው ማነጣጠሪያ በፍሬሙ፣ ማለትም በሽጉጡ ዋና አካል፣ አናት ላይ የተቦረቦረ ቦይ ነበር። በ1927 የወጣው አጭሩ ኮልት ዲቴክቲቭ ስፔሻልም ይህንኑ ወረሰ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1950 ያወጣው አምስት ጎራሽ፣ በኋላ ሞዴል 36 የተባለው፣ እንዲሁ ነው። ከፊት ተዳፋት የሆነ ጉጥ አለው። ከኋላ ግን ቦይ ብቻ ነው። የኋላው ማነጣጠሪያ ተመትቶ አይነቀልም፣ አይላላም፣ አይጠፋም። ከብረቱ ጋር አንድ አካል ነው።

ጥንካሬው ግን ዋጋ አለው። ቦዩ ጠባብ ነው። ጉጡም ቦዩም አንድ ዓይነት ቀለም ስላላቸው ደብዘዝ ባለ ብርሃን ይዋዋጣሉ። በ1965 ሞዴል 60 የተባለው የማይዝግ ብረት ሪቮልቨር ሲመጣ ተቃራኒው ችግር ተከተለ፤ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ብዙ ተኳሾች ጉጡን በደማቅ የጥፍር ቀለም መቀባት የያዙት ለዚህ ነው። ርካሽ ነው፤ ደግሞም ይሠራል።

ሌላው ጣጣ ቦይ አለመስተካከሉ ነው። በሪቮልቨር ላይ ከባድና ዘገምተኛ ጥይት ብዙውን ጊዜ ከቀላሉና ከፈጣኑ ከፍ ብሎ ይመታል። ጥይቱ በአፈሙዙ ውስጥ በቆየ ቁጥር የግፊቱ መልስ አፈሙዙን ይበልጥ ወደላይ ያነሳዋልና። የሚስተካከል ማነጣጠሪያ ያለው ሰው ብሎን ያዞራል። ቦይ ያለው ሰው ግን ለቦዩ የሚስማማ ጥይት ይፈልጋል።

በ1968 የወጣው የአሜሪካ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ከውጭ የሚገቡ ሽጉጦች በነጥብ እንዲመዘኑ ተደረገ። መጠን ነጥብ ያስገኛል። የሚስተካከል ማነጣጠሪያም እንዲሁ። ቁመቱና ርዝመቱ ተደምሮ 10 ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ግን ጭራሽ አይገባም። ቤቢ ብራውኒንግን የመሳሰሉ ልሙጥ የአውሮፓ የኪስ ሽጉጦች በሩ ተዘጋባቸው። ስለዚህ ትንሽ ሽጉጥ የሚፈልግ አሜሪካዊ እዚያው የሚሠራ ሰው ማግኘት ነበረበት።

ከእነዚህ ሠሪዎች አንዱ የኒው ዮርኩ ፓሪስ ቴዎዶር ነው። የሽጉጥ ማህደር ሠሪ ነበር። ሽጉጥ ከልብስ ውስጥ እንዴት እንደሚወጣ፣ የት ላይ እንደሚያዝ ቀን ከሌት የሚያስብ ሰው ማለት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን ሞዴል 39 ወስዶ ቆረጠው፣ አሳጠረው፣ ጠርዙን ሁሉ አለሰለሰው። ስሙን ኤኤስፒ አለው። ስንት ጥይት እንደቀረ እንዲታይ እጀታውን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሠራው። ማነጣጠሪያዎቹን ደግሞ ሁለቱንም አነሳና በምትካቸው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ወደፊት እየጠበበ የሚሄድ ቦይ አስቀመጠ። ጋተርስናይፕ ይባላል። የፊት ጉጥ የለውም። ሦስቱ ገጾቹ፣ ማለትም ወለሉና ሁለቱ ግድግዳዎቹ፣ ቢጫ ናቸው።

አሠራሩን ቀስ ብለን እንየው። ሽጉጡ ከዓይን ጋር በትክክል ሲገጥም ሦስቱ ቢጫ ገጾች እኩል ሆነው ይታያሉ። አፈሙዙ ወደ ግራ ከዞረ የቀኙ ግድግዳ ሰፍቶ ይታያል። ወደ ቀኝ ከዞረ የግራው ይሰፋል። አፈሙዙ ሽቅብ ካለ ወለሉ ይበዛል። ቁልቁል ካለ ወለሉ ይጠፋል። እርማቱም ቀላል ነው፦ አፈሙዙን ወደሰፋው ግድግዳ መመለስ። ዓይን አንድን ጉጥ ለቅሞ ማጥራት አይጠበቅበትም፤ የቅርጹን ሚዛን ብቻ ያነባል። ኮሪደር ውስጥ የቆመ ሰው መሐል ላይ መሆኑን ሳይለካ እንደሚያውቀው ማለት ነው። እኔ የዚህን ሐሳብ ንጽሕና ከልቤ አደንቃለሁ። ከብረት ላይ ምንም ሳይጨምር፣ በመቀነስ ብቻ አዲስ የማያ መንገድ ፈጥሯል።

ዕድሜው ለገፋ ሰው ደግሞ ጥቅሙ ይጨምራል። የዓይን ሌንስ በአንድ ጊዜ አንድ ርቀት ላይ ብቻ ነው የሚጠራው። በተለመደው ማነጣጠሪያ ተኳሹ ክንዱ ጫፍ ላይ ያለውን ጉጥ ማጥራት ይጠበቅበታል። ከ40ዎቹ በኋላ ይሄ እየከበደ ይሄዳል። የቦይ ሚዛን ግን ትንሽ ቢደበዝዝም ይነበባል።

አሁን ወደ ድክመቱ። ማነጣጠሪያ ባጠረ ቁጥር ስህተትን ያበዛል። በማነጣጠሪያው ሁለት ጫፎች መሐል 15 ሴንቲ ሜትር ያለው ሽጉጥ ይዘን ጉጡ በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛባ፣ 7 ሜትር ላይ ጥይቱ 4.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይስታል። የጫፎቹ ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ስህተቱ 7 ይደርሳል። በ5 ሴንቲ ሜትር ቦይ ደግሞ 14 ይሆናል። ስለዚህ ቦይ የቅርብ ርቀት መሣሪያ ነው። 25 ሜትር ላይ ወረቀት ለመብሳት አልተፈጠረም። ኪስ ውስጥ ሲውል ብናኝና የጨርቅ ፍርፋሪ ያጠራቅማል፤ ዘይት ሲጨመርበት ይጋግራል። በየጊዜው ካልተጠረገ ቢጫው ቀለም ግራጫ ይሆናል። ጨለማ ላይም ዝም ይላል። ስላይዱም የሚቆፈርበት ውፍረት ሊኖረው ይገባል። ከሥር አፈሙዝና መምቻ መርፌ ስላሉ እንደልብ አይቦረቦርም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። አንድ እጁ የተጎዳ ሰው ሽጉጡን ለማቀባበል የኋላውን ማነጣጠሪያ ቀበቶው ላይ ወይም የጫማው ተረከዝ ላይ አስደግፎ ይገፋዋል። ቦይ ይህን አይፈቅድም። የሚይዝ ጠርዝ የለውማ። ልብስ አለመንከሱና ቀበቶ አለመንከሱ የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽ ናቸው።

ከቦይም አልፈው የሄዱ አሉ። ሉድቪግ ዚካምፕ በ1980ዎቹ ባወጣት ትንሽ ባለ .32 ካሊበር ሽጉጥ ላይ ማነጣጠሪያ የሚባል ነገር ጭራሽ አላደረገም። አናቷ ልሙጥ ነው። በክንድ ርቀት የሚሆን ነገር ማነጣጠሪያ አይጠብቅም የሚል አቋም ነበረው። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥይት ካለፈ አይመለስም፤ ከጀርባ ማን እንዳለ አይመርጥም። ትንሽም ብትሆን ዓይንን የምትመራ ቦይ ከባዶ አናት ትሻላለች። ታውረስ በ2014 መጨረሻ ያስተዋወቀው ከርቭ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረ። አካሉ ለወገብ እንዲመች የታጠፈ ነው። የተለመደ ማነጣጠሪያ የለውም። ጀርባው ላይ በነጭ መስመሮች የተሣለ መስቀልና አብሮት የተገጠመ ሌዘር ብቻ አለው። ባትሪው ሲያልቅ የሚቀረው መስቀሉ ነው።

የገበያው መስፋት ከሕግ ጋር ይያያዛል። ፍሎሪዳ በ1987 መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ እንዲሰጥ ደነገገች። ብዙ ግዛቶች ተከተሏት። በ2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከቤት ውጭ መሣሪያ መያዝ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብት ነው ብሎ ወሰነ። ሽጉጥ ቀኑን ሙሉ በጉያቸው የሚውል ሰዎች ሲበዙ፣ ልብስ የማይዝ አናት ፈላጊውም በዛ። በ1999 የወጣው ኬልቴክ ፒ 32 እና በ2008 የወጣው ሩገር ኤልሲፒ ከስላይዱ ብረት የተቀረጹ፣ በጣም ዝቅ ያሉ ማነጣጠሪያዎች ነበሯቸው። እነዚህን ቦይ ማለት ይከብዳል። ለዓይንም ከሞላ ጎደል አይታዩም። ገዢዎች ስላማረሩ በኋላ የመጡት ሞዴሎች ትንሽ ከፍ አሉ።

ዛሬ ቁፋሮው በሌላ መልክ ተመልሷል። ቀይ ነጥብ የሚያሳዩ ጥቃቅን የመስታወት ማነጣጠሪያዎች በትንንሽ ሽጉጦች ላይ መገጠም ሲጀምሩ ስላይዱ አናት ላይ ጎድጓዳ መቀመጫ ይቦረቦራል። መስታወቱ ዝቅ ብሎ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። ዓላማው የብረቱ ጉጥ በመስታወቱ ውስጥ እንዲታይ ነው። አንዳንዶቹ ሽጉጦች ላይ የኋላው ማነጣጠሪያ ለመስታወቱ ቦታ ለቆ ወጥቷል። የእሱ ክፍተት አሁን የተቀረጸው በራሱ በመስታወቱ ማቀፊያ ጀርባ ላይ ነው፤ ነጥቡ ሲጠፋ ተኳሹ የፊቱን ጉጥ የሚያየው በዚያች ትንሽ ስርጉድ በኩል ነው።