ሥጋችን እስር ቤት አይደለም

እንኳን ለእመቤታችን የፍልሰት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ዘንድሮም ባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ክረምቱ ሳይበግረው ሞልቶ ነበር። ነጠላው በዝናብ የራሰ ሕዝብ ቆርቦ፣ አፉን በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ ሲወጣ ማየት እንዴት ደስ ይላል።

ደስታዬን ያደፈረሰው በዚያው ሰሞን ከልጆቻችን የሰማሁት ነው። «እግዚአብሔር በውስጤ ነው፤ ራሴን ካወቅሁ ይበቃኛል፤ ቅዳሴና ቁርባን ለምኔ?» ይላሉ። ቴሌግራም ላይ «የተደበቀ ወንጌል» ሲቀባበሉ ከርመው፣ ከሥነ ልቦናም ጥቂት ቀነጫጭበው ነው እንዲህ የሚሉት። አይ ልጆቼ! አዲስ ነገር ያገኛችሁ መሰላችሁ?

በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቫለንቲኖስ ሮም ላይ ሲያስተምር የነበረው የዚህ ዘመድ ነው። ግኖስቲኮች የተባሉት የእሱ ወገኖች ይህን ዓለም የፈጠረው ታናሽና አላዋቂ አምላክ ነው አሉ። ሥጋ እስር ቤት ነው፣ በውስጡ የመለኮት ፍንጣሪ ታስሯል፣ የሚያስፈታውም ምስጢራዊ እውቀት ነው አሉ። የሊዮኑ ጳጳስ ቅዱስ ሄሬኔዎስ እ.ኤ.አ. በ180 ገደማ መልስ ጽፎላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1945 ግብፅ ናግ ሐማዲ አካባቢ ከማሰሮ የወጡት፣ አብዛኞቹ የግኖስቲኮች የሆኑ መጻሕፍት ብርቅ ናቸው፤ ትምህርታቸው ግን ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም።

የጀርመናዊው ፈላስፋ የሃይዴገር ተማሪ የነበረው ፈላስፋ ሃንስ ዮናስ የጥንቶቹን ግኖስቲኮችና የዘመኑን ኤግዚስቴንሻሊዝም (የሰውን ህልውና ማዕከል ያደረገውን ፍልስፍና) አስተያይቶ፣ በሁለቱም ዘንድ ሰው ባዕድ ዓለም ውስጥ የተጣለ እንግዳ መሆኑን አስተዋለ። የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ማስሎውና ካርል ሮጀርስ ደግሞ ሰውን ከውስጡ ወደ ሙሉነት የሚገፋው ነገር አለ አሉ። እነሱ ሥጋን አልናቁም፣ በግድ ግኖስቲክ አንበላቸው። ግን «ራስህን ሁን» የሚለው ምክር እኛ ሰፈር ሲደርስ «ራስህን አድን» ሆኖ ሲሰበክ ያመኛል። ከናዚ ካምፕ የተረፈው ሐኪም ፍራንክል እንኳ ሰው ትርጉም የሚያገኘው ከራሱ አልፎ ለሌላ ሲኖር ነው ብሏል።

እኔ ከዮሐንስ ወንጌል አንዲት ቃል አልወጣም፦ «ቃልም ሥጋ ሆነ»። ተራበ፣ ደከመው፣ አልዓዛር መቃብር ላይ አለቀሰ። ከግኖስቲኮቹ ብዙዎቹ ይህን መቀበል አቅቷቸው ሥጋው ምትሐት ነው እስከማለት ደረሱ። እኛ የምንቆርበው ግን ከእመቤታችን የነሣውን ሥጋ ነው። የእሷም ሥጋ መቃብር ውስጥ አልቀረም፤ ሁለት ሱባኤ የጾምነው ለዚህ አይደል እንዴ? ሥጋን እየናቁ ፍልሰታን መጾም እንዴት ይሆናል?

ጭንቀት የያዘህ ወንድሜ ግን ቁጣዬን ለራስህ እንዳትወስደው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ መሄድ ኃጢአት አይደለም። ሲራክም ሐኪምን አክብር፣ እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። ሂድ፣ መድኃኒት ካዘዙልህም ዋጥ። ለንስሐ አባትህም ደውልላቸው፣ ከጠፋህ ቆየህ እኮ።