የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ አመራር በጎጃም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ አመራር ተማሪዎች በኮምፒውተር ሲሠሩ መምህሩ ቦታን፣ ጊዜንና ሥርዓትን የሚያስተባብርበት የማስተማር ሙያ ነው። በጎጃም ጉዳዩ በዋናነት የሚነሣው ከአይሲቲ (የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ) ትምህርት ጋር ነው።

ጎጃም ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች አገር ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል (ያስጠናል)፤ የኔታም ያርማሉ። ይህ ልማድ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ተሻግሯል ማለት ምናልባት ማጋነን ይሆናል፤ ይሁንና ጓደኛ ጓደኛውን ማስተማሩ ለዚህ አገር እንግዳ እንዳልሆነ አያከራክርም። በዘመናዊው በኩል መምህራንን ሲያሠለጥን የኖረው የባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ስክሪን በስፋት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች የገባው በኮምፒውተር ሳይሆን በፕላዝማ ቴሌቪዥን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ይህ ሥርዓት የሒሳብ፣ የሳይንስ፣ የእንግሊዝኛና የሌሎችንም ትምህርቶች ገለጻ በሳተላይት ያሰራጭ ነበር። መምህሩ ከስርጭቱ በፊት ለመግቢያ፣ ከስርጭቱም በኋላ ለማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲኖረው ገለጻውን ማስቆምም ሆነ መድገም አይችልም ነበር። በዚህም ምክንያት ገለጻው ይፈጥናል፣ መምህሩንም ተመልካች ያደርገዋል የሚል ብርቱ ትችት ቀርቦበታል፤ ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ከከተማ ለራቀ ትምህርት ቤት እኩል ትምህርት ማድረሱን ያነሣሉ። ኮምፒውተር ግን ፍጥነቱን ለመምህሩና ለተማሪው መልሷል፤ የአመራሩም ችግር የጀመረው እዚሁ ላይ ነው።

አንዱ ማሽን ለሁለት ወይም ለሦስት ተማሪ በሚደርስበት ክፍል አንዱ ማውሱን ይዞ ሌሎቹ ተመልካች ሆነው እንዳይቀሩ መምህሩ በየተወሰነ ደቂቃ ያፈራርቃቸዋል። ክፍሉ እጅግ ሲበዛ ግማሹ በማሽን፣ ግማሹ በደብተር ይሠራል። ሥራው ተማሪው ከመቀመጡ በፊት በሰሌዳ ላይ ቢጻፍ ይመረጣል፤ ማሽኑ ከተከፈተ በኋላ የሚሰጥ ማብራሪያ ሰሚ አያገኝምና። ማብራሪያ ማስገባት የግድ ከሆነም ሁሉም ስክሪኑን አጥፍቶ እጁን ከኪቦርዱ ያነሣል። ኮምፒውተሮች በግድግዳው ዙሪያ ሲደረደሩ መምህሩ መሐል ቆሞ ስክሪኖቹን ሁሉ ያያል፣ ገመድም መተላለፊያ አይዘጋም፤ በረድፍ ሲቀመጡ ግን ከኋላ መቆም ይኖርበታል። ማሽኖቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው ተማሪው ሁልጊዜ በአንዱ ላይ ቢቀመጥ የተበላሸው መቼና በማን እጅ እንደተበላሸ መለየት ይቀላል።

መብራት ሲጠፋ ዩፒኤስ (ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መጠባበቂያ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ ያልተቀመጠ ሥራን ይዞ ስለሚጠፋ ቶሎ ቶሎ ሴቭ ማድረግን ከመጀመሪያው ትምህርት አንሥቶ ማስለመድ ያስፈልጋል። ኔትወርክ ባለበት ቬዮንን የመሰሉ ነጻ ሶፍትዌሮች የተማሪውን ስክሪን ለመምህሩ ያሳያሉ፣ ይቆልፋሉም። ይህ ግን መምህሩን ከወንበሩ ጋር ሊያስተሳስረው ይችላል፤ በተማሪዎች መካከል እየዞረ የሚያይ መምህርን የሚተካ መሣሪያ የለም።

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተፈታኞች በኦንላይን መሰጠት መጀመሩ የክፍለ ጊዜውን ዓላማ ቀይሮታል። ፈተናው እያንዳንዱን ተማሪ ለብቻው ከማሽን ፊት ስለሚያስቀምጥ፣ በጥንድ የተማረው ሁሉ ማውስና ኪቦርድ ለብቻው የሚይዝበት የልምምድ ጊዜ እንዲኖረው መምህሩ ተራውን ከወዲሁ መደልደል አለበት።