«ውሻ በበላበት ይጮኻል»፦ የተዘነጋችው «በት»

አንድ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ለሚቆጣጠረው ኩባንያ ሲያደላ «ያው፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብሎ ማለፍ ተለምዷል። አባባሉ የማመካኛ መጠቅለያ መሆኑ ያሳዝናል።

አነጋገሩ «ላበላው» አይልም፤ «በበላበት» ነው። ነገሩ የቦታ ነው። የበግ ጠባቂ ውሻ የሚያሳድግ ሰው ቡችላውን ጡት እንደተወ፣ በሁለት ወሩ ግድም፣ በጎቹ ወደሚያድሩበት በረት ያስገባዋል፤ ምግቡንም እዚያው ይሰጠዋል። እስከ አራት ወሩ የለመደውን ቦታ በኋላ ማስለወጥ አስቸጋሪ ነው። ጓዳ በር ላይ የበላ ቡችላ አድጎም የሚተኛው እዚያው ነው፤ በረቱ ሲደፈር የሚነቃው ዘግይቶ ነው። ሌባም ይህን ስለሚያውቅ ውሻውን አስቀድሞ በቁራሽ ያለማምደዋል። ስለዚህ አባባሉ መጀመሪያ የእረኛ ምክር እንጂ የውሻ ስድብ አልነበረም ባይ ነኝ፤ «እንዲጮኽ በምትፈልግበት አብላው» እንደማለት። ማስረጃዬ ይቺው «በት» ብቻ ናት።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ሳህኑን ጓዳ በር ላይ ነበር ያስቀመጠው። የአውሮፕላን ማረጋገጫ ሥራውን በከፊል ለአምራቹ ሠራተኞች በውክልና ይሰጣል። በ737 ማክስ አውሮፕላን ጊዜ ውክልናው የመንግሥት፣ ደመወዙ የአምራቹ የቦይንግ ነበር። አውሮፕላኑ በደረሱበት ሁለት አደጋዎች 346 ሰዎች አለቁ፤ 157ቱ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው በረራ ቁጥር 302 የነበሩ ናቸው። መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት መርማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሪፖርት ይህን የጥቅም ግጭት ነቅሰው አውጥተዋል።

«ሊበላ ባሰበበት» የሚጮኽም አለ። የአሜሪካ የወንጀል ሕግ ክፍል 208 ባለሥልጣኑ እሱ፣ የትዳር ጓደኛው ወይም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጁ የገንዘብ ጥቅም ባላቸው ጉዳይ እንዳይሳተፍ ከመከልከሉም በላይ፣ ለመቀጠር የሚደራደረውን ድርጅትም ይጨምራል። ባሮሶ ከአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንትነት ከወረዱ ከ20 ወራት በኋላ ጎልድማን ሳክስ የተባለው የኢንቨስትመንት ባንክ ገቡ፤ ከሥልጣን ለወረደ ሰው የተደነገገው የጥበቃ ጊዜ 18 ወር ስለነበር ደንቡ አልያዛቸውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ለኮሚሽነሮች 2፣ ለፕሬዚዳንቱ 3 ዓመት ሆነ።

ራስን ከጉዳዩ ማግለልም መዝገቡ ከመገለጡ በፊት፣ በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ሌላ ቦታ ነው፦ ኃላፊው ከስብሰባው ይወጣል፣ ውሳኔውን እሱ የደረጃ ዕድገቱን የሚፈርምለት ምክትሉ ይሰጣል። እዚህ ላይ ሰውየውን በውሻ መስሎ ከመሳቅ፣ ሳህኑን ማን እዚያ እንዳኖረው መጠየቅ ይሻል ነበር።