የትንሽ ክሊኒክ የወረቀት ሥራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ጠቅላላ ሐኪም፣ ሁለት ነርሶች፣ አንድ የላብራቶሪ ባለሙያና አንዲት እንግዳ ተቀባይ ይዞ የሚሠራ የግል ክሊኒክ አዲስ አበባም ይሁን ደሴ ወይም ሐዋሳ ቅሬታው ተመሳሳይ ነው፤ ጽሕፈቱ የሕክምናውን ሰዓት እየተሻማ ነው። ቅሬታው እውነት ነው። መፍትሔ ተብለው የሚነገሩት ግን ብዙዎቹ አይሠሩም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ወረቀቱን ይጨምራሉ።

«ይህ ሁሉ መዝገብ የመጣው ከጤና ቢሮ ነው»

ከፊሉ ልክ ነው። የግል ክሊኒክም የተመላላሽ ታካሚ መዝገብ መያዝ፣ ወርሃዊ የአገልግሎትና የበሽታ ሪፖርት መላክ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ያየውንም ለወረርሽኝ ቅኝት ማሳወቅ አለበት። ኩፍኝ፣ ኮሌራ ወይም ፖሊዮ የሚመስል ልምሻ ከተጠረጠረ ደግሞ ሳምንቱ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ወዲያው ይደወላል።

ከዚህ ውጭ ያለው አብዛኛው ቤት ያፈራው ነው። አንድ ታካሚ ከበር እስከ በር ተከተሉና ስሙ ስንት ቦታ እንደሚጻፍ ቁጠሩ፦ በካርዱ፣ በእንግዳ ተቀባይዋ ደብተር፣ በደረሰኙ፣ በነርሷ ዝርዝር፣ በተመላላሽ መዝገቡ፣ በላብራቶሪ መጠየቂያው፣ በላብራቶሪ መዝገቡ፣ በማዘዣው። የእንግዳ ተቀባይዋን ደብተርና የነርሷን ዝርዝር ማን ያነባቸዋል? ብዙ ጊዜ ማንም። ድሮ የነበረ ሥራ አስኪያጅ ሂሳብ ሲጎድልበት ያስጀመረው ቁጥጥር ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ሄዷል፣ ደብተሩ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ለአንድ ወር አቁሙት። የሚጠይቅ ካልመጣ አትመልሱት።

ሪፖርቱም ላይ ራሳችን የምንጨምረው ድካም አለ። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ነው። ይህን ረስቶ ከ1 እስከ 30 የሚደምር ክሊኒክ መዝገቡን እንደገና ገልጦ ለመቁጠር ይገደዳል። ታሊውን (የታካሚና የበሽታ መቁጠሪያ ቅጹን) በየማታው ክሊኒኩ ከመዘጋቱ በፊት የሚሞላ ሰው ግን በ20ኛው ቀን የሚቀረው ድምር ብቻ ነው።

«ኮምፒውተር ሲገባ ወረቀት ይቀራል»

የሚቀረው ወረቀቱን ለማቆም የቆረጠ ሰው ካለ ነው። ስማርትኬር የተባለው የኤሌክትሮኒክ ካርድ ሥርዓት በመንግሥት ሆስፒታሎች ሲገባ በብዙዎቹ የሆነው ሁለቱ ጎን ለጎን መሄዳቸው ነበር፤ ሐኪሙ ካርዱ ላይ ይጽፋል፣ ሌላ ሰው ከካርዱ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል። ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ገልባጩ ያው አንዷ ነርስ ናት።

ምክንያቱ ይታወቃል፤ መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ስለዚህ «ለማንኛውም» ወረቀቱም ይያዝ ይባላል። ይህ «ለማንኛውም» ነው ሥራውን እጥፍ የሚያደርገው። መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት አንዲት ገጽ ቅጽ ይዘጋጅ፤ መብራት ሲመለስ በዚያው ቀን ይግባ። ከዚያ ውጭ ዋናው ሰነድ የቱ እንደሆነ በግልጽ ይወሰን፣ የሚቆመው ደብተር የሚቆምበት ቀንም በሽፋኑ ላይ ይጻፍበት።

ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ይሠራል? ወርሃዊውን ሪፖርት በጤና ቢሮው ቅጽ መሠረት ያወጣል? ውላችን ሲያበቃ መረጃችንን ይዘን መውጣት እንችላለን? ሦስተኛውን ሲሰሙ ዝም የሚሉ አሉ፤ ዝምታውም መልስ ነው።

«ካርድ የሚጠፋው በካርድ ክፍሉ ዝርክርክነት ነው»

ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ መደርደሪያው ላይ ነው፤ የጠፋው መፈለጊያው ነው። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር በስም ብቻ ካርድ መፈለግ ራሱ አድካሚ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ያለውን ሌላው «ጸሀይ» ይለዋል፤ ታካሚዋ አንድ ቀን በክርስትና ስሟ፣ ሌላ ቀን በቤት ስሟ ትመጣለች። ካርዱ ሲታጣ አዲስ ይወጣል፤ ታሪኩ ከዜሮ ይጠየቃል፣ ምርመራው ይደገማል፣ ታካሚው ሁለቴ ይከፍላል።

ስልክ ቁጥርን ከአያት ስም ጋር መፈለጊያ ማድረግ ከብዙ ሶፍትዌር ይሻላል። አንድ ስልክ እናትንና ሦስት ልጆቿን ሊወክል ስለሚችል በቁጥሩ ስር ሁሉም ይዘርዘሩ። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ያለው ሰው ቁጥሩም ይያዝለት፤ የሌለው ግን በዚህ ሰበብ አይመለስ።

«የዱቤ ሂሳብ የሚዘገየው ድርጅቶቹ ስለሚያስቸግሩ ነው»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ በትንሽ ክሊኒክ ትልቁ የወረቀት ጉድጓድ ይሄ ነው። ሠራተኞቻቸውን በዱቤ የሚያሳክሙ ድርጅቶችና የመድን ኩባንያዎች ሂሳብ የመለሱበትን ምክንያት አንድ በአንድ ብትመዘግቡ ተደጋጋሚዎቹ ጥቂት ናቸው። የመላኪያው ደብዳቤ ቀኑ አልፏል፤ የሠራተኛው መታወቂያ ቁጥር የለም፤ ማዘዣው ላይ የበሽታው ስም አልተጻፈም፤ ዋጋው ከውሉ ዝርዝር ጋር አይገጥምም፤ ወይም ውሉ የማይሸፍነው ነገር ገብቷል።

አብዛኞቹ ታካሚው ከክሊኒኩ ሳይወጣ ሊታዩ የሚችሉ ናቸው። ያኔ አንድ ጥያቄ ያስተካክላቸዋል። ወሩ አልቆ ሂሳቡ ከተላከ በኋላ ግን ስልክ፣ ደብዳቤ፣ መልእክተኛ፣ ድጋሚ ፎቶ ኮፒ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድርጅት ምን እንደሚሸፍን፣ ማን እንደሚፈርም፣ ምን እንደሚያያዝ የሚናገር ግማሽ ገጽ እንግዳ ተቀባይዋ ፊት ይለጠፍ። ይህ ሥራ የሂሳብ ሠራተኛው ብቻ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ተመላሹ አይቀንስም።

ባለቤቶችን የማያስደስት አንድ ነገር ልጨምር፤ በወር ሁለት ሦስት ሰው የሚልክ፣ ግን የራሱን ቅጽና የራሱን አሠራር ይዞ የሚመጣ ድርጅት ውሉ ላያዋጣ ይችላል። ወይ በእናንተ ቅጽ ይስማማ፣ ወይ ሠራተኞቹ ከፍለው ደረሰኝ ይውሰዱ።

«ማህተም የሌለው ወረቀት ዋጋ የለውም»

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል። ወረቀትም ማህተምም የሌለው መልእክት እንዲህ ከታየ፣ ከአንዱ ክፍላችሁ ወደ ሌላው ለሚሄድ የላብራቶሪ መጠየቂያ ማህተም ፍለጋ ታካሚን ማቆም ትርጉም የለውም።

የሕመም ፈቃድ ግን ሌላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ የሚከፍለው በሕክምና ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው። ገንዘብ የሚያስከፍል ወረቀት ሲጣራ ይኖራል፤ ስለዚህ ማህተሙም፣ ቀሪው ኮፒም፣ ተከታታይ ቁጥሩም ይቆዩ። የናርኮቲክና የሳይኮትሮፒክ (ሱስ ሊያስይዙ የሚችሉና አእምሮ ላይ የሚሠሩ) መድኃኒቶች ልዩ ማዘዣም እንዲሁ አይነካም።

«ብዙ መጻፍ ከክስ ያድናል»

የሚያድነው የሚነበብ፣ ቀንና ሰዓት ያለው፣ የተፈረመበት ጽሑፍ ነው። ማንም ሊያነበው የማይችል ሁለት ገጽ ለሐኪሙ ጠበቃም ለቀጣዩ ሐኪምም አይጠቅምም።

«ውጤት በቴሌግራም መላክ ወረቀት መቀነስ ነው»

ወረቀቱ ይቀንሳል፤ ኃላፊነቱ ግን ያድጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ይመድበዋል። የኤችአይቪ ወይም የእርግዝና ውጤት ቤተሰብ በጋራ በሚይዘው ስልክ ላይ ቢወድቅ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ታካሚው በየትኛው ቁጥር፣ በምን መንገድ ውጤት እንዲደርሰው እንደፈቀደ ካርዱ ላይ ይፈርም። የሚላክበት ስልክም የክሊኒኩ ይሁን፤ እንግዳ ተቀባይዋ ሥራ ስትለቅ የሰፈሩን ሰው ውጤት በግል ስልኳ ይዛ መሄድ የለባትም።