ኪው 80.0፦ በዘር የሚመጣ የቆዳ ድርቀት በወሎ

ወሎ ውስጥ የቆዳ ነገር ከተነሳ ቦሩ ሜዳ መጠራቱ አይቀርም። ከደሴ በስተሰሜን ያለው ይህ ሆስፒታል ስሙ የገነነው በሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። ወደ ቆዳ ክፍሉ የሚሄደው ግን ብዙ ዓይነት ሰው ነው። «ቆዳዬ አመድ ይመስላል» የሚልም አለ።

በዘር የሚመጣው ድርቀት ኢክቲዮሲስ ይባላል። ስሙ ከግሪክኛው «ዓሣ» የተወሰደ ነው። የሐይቅ ቆሮሶ ሲፋቅ ያየ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። የተለመደው ዓይነት ከ250 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። ፊላግሪን የተባለው ፕሮቲን ሲጎድል ቆዳው ውኃ መያዝ ያቅተዋል። የዘረመሉ ጉድለት የታወቀው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ቅርፊቱ ቅልጥም ላይ ይበረታል። የክርን መታጠፊያ ግን ለስላሳ ነው። መዳፉን ገልጦ ያየ ደግሞ መስመሮቹ ጠለቅ ብለው ያገኛቸዋል።

ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ኮድ በአይሲዲ-10 (የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መለያ ዝርዝር) ኪው 80.0 ነው። ኪው አብረው የሚወለዱ ችግሮች ምዕራፍ ነው። በብዛት ወንዶች ልጆችን የሚይዘውና ከእናት የሚወረሰው 80.1 ነው። በኋላ የመጣ ከሆነ ፊደሉ ይቀየራል፤ ወደ ቆዳ በሽታዎች ምዕራፍ ሄዶ ኤል 85.0 ይሆናል። ተራ ድርቀት ኤል 85.3 ነው።

ስህተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እናት «ሲወለድ ምንም አልነበረበትም» ብትል እውነቷን ነው። የተለመደው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከተወለደ ወራት ቆይቶ ነው። ኮዱ ግን ያው ኪው ነው። የልጁን ዕድሜ ብቻ ከመጠየቅ የአባትየውን ቅልጥም ማየት ይሻላል። በአንጻሩ ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል፤ እንደ ዓሣ ቅርፊትም ያደርቀዋል። ይህ ኤል 85.0 ነው። ቦሩ ሜዳን ለመሰለ ቦታ ልዩነቱ የመጽሐፍ ጨዋታ አይደለም።

ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አይሲዲ-11 ኮዱን ወደ ኢሲ 20.00 ቀይሮ ከቆዳ በሽታዎች ምዕራፍ አስገብቶታል። መሆን የነበረበትም ይኸው ነው።

ኮድ የሚሰጠው ባለሙያ ግን ካልተጻፈ አያውቅም። ሐኪሙ «የቆዳ ድርቀት» ብሎ ካለፈ 85.3 ይሞላል። ክረምት እርጥበቱ ስለሚያለሰልሰው ሰውየው ይጠፋል። የበጋው ደረቅ ብርድ ሲገባ ቆዳው እንደገና ይፈረፈራል። ቫዝሊኑን ይዞ ይመጣል። ካርዱ ላይም «ብርድ ነው» ተብሎ ይጻፍለታል።